ቫዮሊኑ ከየት መጣ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በነጻ ስለሚገኙ የኦርኬስትራ ሳምፕሎች ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥያቄው ብዛት ሌላ ነው። አብዛኛው የመጣው ከደሴና ከኮምቦልቻ መሆኑ ደስ ብሎኛል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ የምሠራውም ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ በመስኮት በሚታይባት አንዲት ክፍል ነው። ዛሬ አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ልበል። ሳምፕል ማለት አንድ ሙዚቀኛ አንድ ኖታ ተጫውቶ የተቀዳ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ኪቦርዳችሁ ላይ በአንድ ቁልፍ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ መቶዎች ወይም ሺዎች ሲሰበሰቡ ላይብረሪ ወይም ስብስብ እንላቸዋለን።

ጥያቄ፦ *ሰላም ወንድም ዓለም። ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ ነው ያለሁት። ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ አሁን ደግሞ ማቀናበር ጀምሬያለሁ። ሶናቲና፣ ቪኤስሲኦ 2 እና ቨርቹዋል ፕሌዪንግ ኦርኬስትራ የሚባሉትን ሦስት ስብስቦች አወረድኩ። አራት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ካርዴም አለቀ። ከፍቼ ስሰማ ግን ሦስተኛው ውስጥ የሌሎቹ የሁለቱ ቫዮሊን የሚሰማ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው?*

አብሽር፣ ጆሮህ ደህና ነው። የሰማኸውም እውነት ነው።

ቨርቹዋል ፕሌዪንግ ኦርኬስትራን ያዘጋጀው ፖል ባተርስቢ ቫዮሊን ተጫዋች ጠርቶ አዲስ አልቀዳም። ከሶናቲና፣ ከቪኤስሲኦ 2፣ ከአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ እና ከሌላም ቦታ የተሻለውን እየለቀመ፣ ከፍና ዝቅ ያለውን እያስተካከለ፣ አንድ ኦርኬስትራ አድርጎ አቀረበው። ትልቅ ሥራ ነው። ለጀማሪ ከሦስቱ መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ከፍተህ ወዲያው ትጫወታለህ። ግን ሦስቱንም ያወረደ ሰው አንዱን ቫዮሊን ሁለት ጊዜ በካርድ ገዛው ማለት ነው።

እኛ ጋ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራል። ሳምፕል ላይም እንደዚያ ማድረግ ያስፈልጋል። በነጻ የሚዞረው የኦርኬስትራ ስብስብ ስሙ ብዙ ነው፣ አባቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። አንድ አዲስ ስም ባየህ ቁጥር ከማውረድህ በፊት ምስጋናው የተጻፈበትን ክፍል አንብብ። ሁሉም ጨዋ አዘጋጅ ድምፁን ከየት እንዳገኘ ይጽፋል። እዚያ ውስጥ ያለህን ስም ካየህ ካርድህን ቆጥብ።

ከአባቶቹ አንዱ የአዮዋው ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1997 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የመሣሪያ ድምፆችን እየቀዳ ያለምንም ገደብ ለሁሉም ሰው ለቋል። አብዛኛው የተቀዳው ማሚቶ በሌለበት ክፍል ነው። ስትሰማው ደረቅ ነው፣ ቫዮሊኑ አፍንጫህ ሥር ያለ ይመስላል። አትደንግጥ፤ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማሚቶ የሚጨምር መሣሪያ) ስታደርግለት አዳራሹን አንተ ትመርጥለታለህ። ችግሩ ብዙዎቹ ፋይሎች ውስጥ ኖታዎቹ ተከታትለው የተቀዱ መሆናቸው ነው። አንድ በአንድ መቁረጥ አለብህ። ትዕግሥት ካለህ ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይበቃሃል።

ከእንግዲህ ለምታወርደው ደግሞ ስለ መጠን አስብ። ስብስብ ለምን እንደሚከብድ በቁጥር ላሳይህ። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 16 ሜጋ ገደማ ይይዛል። አንድ የቫዮሊን ስብስብ 15 ኖታ ተቀዳለት እንበል። እያንዳንዱ በ3 የጉልበት ደረጃ፣ በ4 ዓይነት አጨዋወት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ከተቀዳ 360 ቅጂ ሆነ። እያንዳንዱ 4 ሰከንድ ቢሆን 24 ደቂቃ ነው። ቫዮሊኑ ብቻ 380 ሜጋ ገደማ በላ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ የማይክራፎን አቀማመጥ። ስለዚህ "ሙሉ ኦርኬስትራ" ተብሎ በጣም ትንሽ ሆኖ ስታየው አንድ ነገር እንደተቀነሰ እወቅ። መቀነሱ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የስፒትፋየር ኦዲዮው ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዲስከቨር 200 ሜጋ አካባቢ ብቻ ነው፣ ነጻ ነው፣ የተቀዳውም ራሱ የቢቢሲ ኦርኬስትራ ለንደን ውስጥ በማይዳ ቬይል ስቱዲዮ ሲጫወት ነው። ካርድ ላጠረው ሰው ከዚህ የሚቀድም አላውቅም። አካውንት መክፈትና የራሳቸውን ማውረጃ መጫን ግን ግድ ነው፣ ድምፁም በራሳቸው ፕለጊን (ሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ በሚገባ ማጫወቻ) ብቻ ነው የሚከፈተው።

የማውረዱን ነገር ደግሞ በብሮውዘር ብቻ አትሞክረው። ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀም። መብራት ጠፍቶ ከ90 በመቶ ላይ እንደገና መጀመር ያማል። ፍላሽህ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት አድርገው። ዚፑን ስትፈታ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ በፎልደር ውስጥ ፎልደር እየከተትክ አትፍታው። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ከ260 ፊደል የረዘመ አድራሻ ይከብደዋል፣ አንዳንዱ ፋይል ሳይወጣ ይቀርና ቫዮሊንህ መሃሉ ላይ ጥርሱ የወለቀ ይሆናል። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ከፍተህ እዚያ ፍታው።

ጥያቄ፦ *ኮምቦልቻ ለሱቆችና ለሆቴሎች ማስታወቂያ እሠራለሁ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሙዚቃም ራሴ ነኝ የማቀናብረው። ሶናቲናን ነው የምጠቀመው። ነጻ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?*

ለማስታወቂያ ችግር አለው፣ ዛሬውኑ ቀይሪው።

"ነጻ" የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ዋጋ የለውም ማለት ነው። ሁለተኛው እንደፈለግሽ አድርጊው ማለት ነው። ሶናቲና የመጀመሪያው ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ ሁለተኛው አይደለም። የተለቀቀው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ሳምፕሊንግ ፕላስ 1.0 በሚባል ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ በድምፁ አዲስ ሥራ ሠርተሽ እንድትሸጪ ይፈቅድልሻል፣ የሌላን ዕቃና አገልግሎት ለማስተዋወቅ እንድታውይው ግን አይፈቅድም። ዘፈን ብትሠሪበት ምንም የለም። ለሆቴል ማስታወቂያ ግን አይሆንም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ገንዘብ መቀበል ከተፈቀደ ሁሉም የተፈቀደ ይመስላል።

ሶናቲናን አውጥተሽ ቪኤስሲኦ 2 ኮሚዩኒቲ ኤዲሽንን ተኪ። የቨርሲሊያን ስቱዲዮስ ሥራ ነው፣ የተለቀቀውም በሲሲ ዜሮ ነው። ሲሲ ዜሮ ማለት ባለቤቱ መብቱን ትቶታል ማለት ነው፤ ማስታወቂያም ሥሪበት፣ ስሙን ጥሪ አትጥሪ፣ ለጓደኛሽ በፍላሽ ገልብጠሽ ስጪ። የፊልሃርሞኒያው ደግሞ መሃል ላይ ነው። ሙዚቃሽ ውስጥ አስገብተሽ መሸጥ ትችያለሽ፣ ሳምፕሎቹን እንዳሉ ወይም የኪቦርድ መሣሪያ አድርገሽ መስጠትና መሸጥ ግን አትችይም። እዚህ አገር ነገር ሁሉ በፍላሽ ስለሚዞር ይህን መለየት ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ቨርቹዋል ፕሌዪንግ ኦርኬስትራንም ለማስታወቂያ ስትጠቀሚ የመረጥሽው መሣሪያ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ እዪ። ሆርኑ ከሶናቲና ከሆነ የሶናቲና ፈቃድ አብሮት አለ።

ጥያቄ፦ *ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ኦርኬስትራ ይችላል?*

ይችላል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። ቫዮሊኑን ክፈት፣ ጻፈው፣ ወደ ዌቭ ፋይል አውጣውና ፕለጊኑን ዝጋ። ከዚያ ቼሎውን። ከባድ ፕለጊን አትጫን፣ ስፎርዛንዶ የሚባለው ነጻ ማጫወቻ ቀላል ነው፣ ኤስኤፍዚ በሚባለው የፋይል ዓይነት የተዘጋጁ ስብስቦችን ይከፍታል። ሚውዝስኮር 4 የሚባለው የኖታ መጻፊያ ነጻ ነው፣ ለእሱ ተብለው ለብቻ የሚወርዱት ሚውዝ ሳውንድስ ድምፆችም ያምራሉ፣ ግን የሚሠሩት እዚያው ሚውዝስኮር ውስጥ ነው፤ ለአንተ ላፕቶፕም ይከብዳሉ።

ጥያቄ፦ *ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ መምህር ነኝ፣ ከክፍል ሰዓት ውጪ የሙዚቃ ክበብ አለን። አንድ ኮምፒውተርና ሦስት ፍላሽ ነው ያለን። ልጆቹ ከየቦታው ድምፅ እያመጡ ይጭናሉ፣ አሁን ምን እንዳለንና የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዴት አድርገን እንመዝግበው?*

መምህር፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው የእርስዎ ነው። ድምፁ ሞልቶ ተትረፍርፏል። የሚጠፋው ያለንን ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ኤክሴል ይክፈቱ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ ሰፊ ደብተር ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ መስመር ላይ አንድ ስብስብ ሲጽፍ ነው። እርስዎ አንድ መስመር ላይ አንድ መሣሪያ ይጻፉ። አንድ ልጅ ሲያቀናብር "ሶናቲናን አምጡልኝ" አይልም። "ለስላሳ ሆርን የት አለ?" ነው የሚለው። መዝገቡም ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ የመሣሪያው ስም ይቅደም። አጻጻፉን አንድ ያድርጉት፤ አንዱ ቼሎ፣ ሌላው ሴሎ ብሎ ከጻፈ ሲፈለግ ግማሹ ይቀራል። ቀጥሎ አጨዋወቱ፦ ተያይዞ የሚሄደው ሌጋቶ ነው፣ አጠር ተደርጎ የሚቆረጠው ስታካቶ ነው፣ በጣት የሚነካው ፒዚካቶ ነው፣ ወይስ የሚንቀጠቀጠው ትሬሞሎ? ከዚያ ስንት የጉልበት ደረጃ እንዳለው። ቁልፉን በቀስታ ሲነኩትና በኃይል ሲመቱት የድምፁ ጠባይ ከተለወጠ ደረጃ አለው፤ መጠኑ ብቻ ከጨመረ የለውም። ከዚያ አንድ ኖታ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ስታካቶ ቶሎ ቶሎ ሲደጋግሙት መትረየስ ይመስላል፣ ሁለትና ሦስት ቅጂ ሲኖረው እጅ ያለበት ይመስላል። ምንጩንና ፈቃዱን ከላይ እንዳልኩት ይጻፉ። የፋይሉ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የወረደበት ቀንና በየትኛው ፍላሽ ላይ እንዳለም ይግባ። ፍላሾቹ ላይ በማርከር ቁጥር ይጻፉባቸው።

የመጨረሻው አምድ የጆሮ ነው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ለሁሉም መሣሪያ አንድ መፈተኛ ዜማ ይምረጡ። እኔ አራት መስመር ትዝታ በቀስታ እጫወታለሁ፣ ቀጥሎ ያንኑ በፈጣን ምት። ከዚያ የሰማሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከራሴ መዝገብ ሦስቱን ልጥቀስልዎ፦ "ሆርን፤ ሲለዝብ ያምራል፣ ከመሃሉ ዶ በላይ ይጮኻል።" "ቪዮላ፤ ዘግይቶ ነው የሚነሳው፣ ለፈጣን አይሆንም።" "ፍሉት፤ ትንፋሹ ይሰማል፣ ከዋሽንት ጋር ይዋደዳል።" ከስድስት ወር በኋላ ቅንብር ላይ ሆኜ ስፈልግ የሚጠቅመኝ ይህ አምድ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ይስሙና እያንዳንዱ የራሱን ይጻፍ። ሁለት ልጅ ስለ አንድ ቼሎ የተለያየ ነገር ሲጽፍ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ ባወረዱበት ሌሊት ያድርጉት። ነገ ያሉት አይጻፍም።

ሁለት ነገር ከልብ አደራ እላለሁ። ከስብስቡ ጋር የመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ አይሰርዙ፣ የወረደበትንም ገጽ በፒዲኤፍ አስቀምጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ይክተቱት። ገጽ ይለወጣል፣ ይዘጋል፤ ያ ወረቀት ግን በእጅዎ ይኖራል። ሁለተኛው፣ በስብስቡ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ስም አይቀይሩ። ኤስኤፍዚ ፋይል ድምፁን የሚያገኘው በፎልደሩ ስም ነው፣ ስሙ ከተቀየረ መንገዱ ይጠፋበታል። እኔ አንድ ቅዳሜ "ላጽዳው" ብዬ ሁሉንም በአማርኛ ሰየምኳቸው። ሰኞ ያለቁ ሥራዎቼን ስከፍት ከአሥራ አንዱ አንዱም ቫዮሊኑን አላገኘም። ስሞቹን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ሁለቱን ሥራዎች እስካሁን አልመለስኳቸውም። በአማርኛ መሰየም የሚገባው መዝገቡ ነው፣ ፎልደሩ እንደመጣ ይቀመጥ። ዋናውን ዚፕም አንድ ፍላሽ ላይ አድርገው ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት፣ ያ ፍላሽ ለማንም አይሰጥ።

ሲሲ ዜሮ የሆኑትን ደግሞ ለብቻ አንድ ፎልደር ውስጥ ያድርጓቸውና ልጆቹ ወደየቤታቸው ገልብጠው ይውሰዱ። ይህ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደ ነው።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። አጎቴ መሰንቆ ይጫወታል። እሱ በአምባሰል የተጫወተውን ቀድቼ ከሥሩ ቼሎ ላስገባለት ፈልጌ ነበር፣ ግን አንድ ላይ ሲሰሙ ይጎረብጣል። አጎቴ "ፈረንጁን አስተካክይው እንጂ እኔ ደህና ነኝ" ይለኛል።*

አጎትሽ ልክ ናቸው።

ባቲ እዚሁ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ያለ ከተማ ነው፣ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለ አገር ነው። ሁለቱን ቅኝቶች በአገራችን ስም እየጠራን ለፒያኖ ቁልፍ ብለን የምናስገድዳቸው ከሆነ ያሳዝናል። አምባሰልን ከዶ ብትነሺ በኪቦርድ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ይህ ግን የኪቦርዱ አጠጋግቶ ማስቀመጥ ነው። የመሰንቆ አንገት ላይ ፍሬት የለም፣ ጣቱ የሚያርፈው ድምፁ በሚፈልገው ቦታ ነው። ቼሎሽ ግን ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ነው የሚያውቀው።

መጀመሪያ የአጎትሽን መነሻ ኖታ በቲዩነር ለኪ። ሙሉው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቼሎውን እንዳለ ወደ እሳቸው አምጪው፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። አሁንም ሬ ቤሞሉ ላይ ብቻ ከጎረበጠሽ ወደ ፋይሉ መግባት አለብሽ። ቪኤስሲኦ 2ን በኤስኤፍዚ አውርጂው፣ ምክንያቱም የኤስኤፍዚ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጪ። ውስጡ መስመር በመስመር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቁልፍ እስከየትኛው ቁልፍ እንደሚሰማ ይናገራል። በዚያ መስመር መጨረሻ ላይ "ቲዩን" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ፣ የእኩል ምልክት አድርገሽ፣ ቁጥር ታስገቢያለሽ። አንድ ሴሚቶን፣ ማለትም ከአንድ የኪቦርድ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት፣ 100 ሴንት ነው። ነጌቲቭ 15 ብትዪው ድምፁ በ15 ሴንት ይወርዳል። አስቀምጪ፣ ስፎርዛንዶ ውስጥ እንደገና ክፈቺው፣ ከአጎትሽ ጋር ስሚው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በብዙ ስብስቦች አንድ ቅጂ ሁለትና ሦስት ቁልፍ ይሸፍናል። ሬ ቤሞልን ዝቅ ስታደርጊ አብሮት ያለው ዶም ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። እኔም ይህን ያየሁት ስሙን በማልጠራው ስብስብ ላይ አንድ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ሶል ሳስተካክል ከጎኑ ያሉት ሁለት ኖታዎች አብረው ሲበላሹ ነው። አንድ ቅጂ ሦስት ቁልፍ ሸፍኖ ካገኘሽው መስመሩን ሦስት ቦታ ገልብጪው፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን መስመር ስጪው፣ የራሱንም ቲዩን ጻፊለት። መነሻ ቁልፉን የሚናገረውን ቁጥር ግን በሦስቱም መስመር አንድ ዓይነት አድርጊው፣ አለበለዚያ ኖታው ይቀየርብሻል። ይህ ሥራ ከበዛብሽ ስፊዝ የሚባለውን ማጫወቻ ሞክሪ፣ እሱ ስካላ የተባለውን የቅኝት ፋይል ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ የአጎትሽን አምባሰል ከጻፍሽለት ለቼሎውም ለሆርኑም ይሠራል።

ሴንቶቹን ገምተሽ አታስገቢ። አጎትሽን አጠገብሽ አስቀምጪያቸው፣ ሬ ቤሞሉን ብቻ አስረዝመው ይሳቡልሽ፣ አንቺ ቁጥሩን በሦስት በሦስት እየቀየርሽ ቼሎውን አሰሚያቸው። "እዚህ ጋ" ሲሉ አቁሚ። ያንን ቁጥር ከቀኑ ጋር መዝገብሽ ላይ ጻፊው፣ ሲያልቅም ቅጂውን ላኪልኝ።